ጌምፓድ ለማይቀበል ጌም ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ አንድ የቆየ ጌም በኪቦርድና በማውስ ብቻ ነው የሚሠራው። ጌምፓዴ ሌሎች ጌሞች ላይ ደህና ነው። መላ አለው?

መልስ፦ አለው። ጌሙ ጌምፓዱን ባያውቀውም፣ መሃል የሚገባ ፕሮግራም የጌምፓዱን ቁልፎች ወደ ኪቦርድና ማውስ ይቀይርለታል። ነፃው የጌም መግዣና መክፈቻ ፕሮግራም ስቲም ይበቃል፤ ጌሙ ከስቲም የተገዛ መሆን የለበትም። «ጌምስ» ከሚለው ሜኑ የስቲም ያልሆነ ጌም መጨመሪያውን ከፍተው የጌሙን ፋይል ያስገቡ። ከዚያ በጌሙ ገጽ ላይ ያለችውን የጌምፓድ ምልክት ይጫኑና የኪቦርድና ማውስ ቴምፕሌቱን (የተዘጋጀ የቁልፎች ድልድል) ይምረጡ። ግራው ስቲክ ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ እና ዲን ይተካል፤ ቀኙ ማውሱን ያንቀሳቅሳል።

ስቲኩን ሳይነኩት እይታው የሚንሸራተት ከሆነ የቀኙ ስቲክ ዴድዞን (የስቲኩ ጥቃቅን እንቅስቃሴ የማይቆጠርበት የመሃል ክልል) አንሷል። ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፤ መንሸራተቱ እንዳቆመ ይተዉት፣ ካበዙት ጥቃቅን ዒላማ ማነጣጠር ያስቸግራል።

ሁሉም ተስተካክሎ ጌሙ ውስጥ ምንም ካልሠራስ? ብዙ ጊዜ ጌሙ በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ስለተከፈተ ነው። ዊንዶውስ ዝቅ ያለ ፈቃድ ካለው ፕሮግራም የሚመጣውን ምልክት አያሳልፍም፤ ስቲምንም በአድሚኒስትሬተር ይክፈቱት። ለስትራቴጂ ጌም ግን እውነቱን ለመናገር ማውሱን አይልቀቁ። ኦንላይን ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሚከለክል ደንብ እንዳለው አስቀድመው ያጣሩ።