ነዳጅ ሳይኖር «ሙሉ» የሚል ጌጅ

በአሮጌ የአሜሪካ ጦር ካሚዮኖች የነዳጅ ጌጅ ላይ የደረሱንን ሦስት ጥያቄዎች በዚህ ዕትም እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ከጨረታ የተገዛ ኤም35ኤ2 አለኝ። ቁልፉን ስከፍት የነዳጁ ቀስት «ሙሉ»ን አልፎ ይቆማል። ሳልባትዮው ግን ግማሽ እንኳ የለውም። አዲስ ሴንደር (ሳልባትዮው ውስጥ በክንድ ላይ ባለ ተንሳፋፊ የነዳጁን ከፍታ ለጌጁ የሚነግረውን ዕቃ) ልግዛ? (አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ገና አይግዙ። የእርስዎ ካሚዮን ሴንደር ከ0 እስከ 30 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) የሚሠራ ነው፤ ባዶ ሲሆን ወደ 0፣ ሲሞላ ወደ 30 ይጠጋል። ከ30 በላይ የሆነው ሁሉ፣ የተበጠሰ ሽቦም ቢሆን፣ ለጌጁ «ሙሉ» ነው። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ሲበላሽ ደስ የሚያሰኝ ውሸት ይዋሻል፤ ሹፌሩ የሚያውቀው መንገድ ላይ ሲቆም ነው።

መጀመሪያ ሽቦውን ይፈትሹ። ከሴንደሩ የሚወጣው ሽቦ ላይ 28 ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ብረት ታስራለች። ቁልፉን ዘግተው ሽቦውን ከሴንደሩ ይንቀሉና ጫፉን በአጭር ሽቦ ከተፋቀ የሻንሲ ብረት ጋር ያያይዙ። ከዚያ ቁልፉን ይክፈቱ። ቀስቱ ወደ «ባዶ» ከወረደ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው። ካልወረደ ችግሩ ከሴንደሩ በፊት ነው፤ መስመሩን ወይም ጌጁን ይፈልጉ። ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ሽቦውን ሳልባትዮው አጠገብ አያነካኩ፤ ብልጭታው የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ቀጥሎ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ አንዴ ከሴንደሩ ተርሚናል እስከ ራሱ የሴንደሩ ክዳን፣ አንዴ ከተርሚናሉ እስከ ሻንሲው። የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 17 ቢል ሴንደሩ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሻንሲው ብረት በኩል የሚመለስበት ግንኙነት፣ ነው። አምስቱ ኦም ዝገትና ቀለም ነው። ከ30 ኦም ላይ 5 ኦም አንድ ስድስተኛ ነው፤ በ50 ጋሎን ሳልባትዮ ላይ ወደ 8 ጋሎን የሚጠጋ ስሕተት ያመጣል። ማሳው ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ የእርስዎ ዓይነት ቀስት ይታያል። ካሚዮኑ በየዘመኑ ቀለም ሲደራረብበት የሴንደሩ ቪቴዎችም አብረው ተቀብተዋል፤ «ተበላሸ» ተብሎ ከሚጣለው ብዙው የሚሞተው በዚህ ነው። አንዱን ቪቴ ፍቀው ከሥሩ ወደ ሻንሲው አጭር የማሳ ሽቦ ይዘርጉ። የቴስተሩ ሁለት ጫፎች ሲነካኩ የሚያሳየውን ቁጥር ከንባቡ መቀነስ አይርሱ፤ በእንዲህ ያለ ጠባብ ልኬት ግማሽ ኦምም ዋጋ አለው።

ሴንደሩ ራሱ ከሆነ ወደ መፍታት ይሂዱ። ሁለቱ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት ስለሚሰጡ መጀመሪያ የማሳውን ኬብል ይንቀሉ። ክዳኑ ላይ ያለውን ጭቃና አሸዋ በብሩሽ፣ ከዚያም በአየር ያጽዱ፤ ሳያጸዱ ከከፈቱ ቆሻሻው ፓምፑና ፊልትሮው ጋ ይደርሳል። አምስቱን ቪቴዎች ዝገት ማላቀቂያ ቀብተው ያሳድሯቸው። ቪቴ ቢሰበር በድሪል አይሞክሩ፤ ሳልባትዮው ወርዶ በደንብ ሳይታጠብ ምንም ነገር አይቦረቦርም። ሴንደሩን ሲያወጡ ክንዱ በየት በኩል እንደዞረ ምልክት ያድርጉ። አምስቱ ቀዳዳዎች እኩል ርቀት ስለሌላቸው የሚገጥመው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

አሁን ክንዱን በእጅዎ ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርገው ይግፉ። ኦሙ ሳይዘል መጨመር አለበት። መሐል ላይ ቢቋረጥ ሴንደሩ ውስጥ የተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ እዚያ ጋ ተበልቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላውም ነዳጁ ሁልጊዜ የሚቆምበት ከፍታ ላይ ነው። ተንሳፋፊው ናስ ከሆነ ጆሮዎ ጋ አስጠግተው ይነቅንቁት። የሚንሿሿ ድምፅ ካለ ነዳጅ ገብቶበታል። ከሌለ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ቀዳዳ ካለው አረፋ ይወጣል። ነዳጅ የገባበትን ተንሳፋፊ በሊድ ለመበየድ አያስቡ፤ ውስጡ የቀረው ትነት በእሳት ይፈነዳል። ይቀይሩት።

አዲሱን ሲገጥሙ ጓርኒሲዮኑ ነዳጅ የማይበላው ናይትራይል ጎማ ይሁን። ተራ ሲሊኮን ነዳጅ ሲነካው ያብጣል፤ ከዚያም ተቆራርጦ ፓምፑ ጋ ይወርዳል። በየቪቴው ሥር መዝጊያ ዋሸር ይግባ፤ አለበለዚያ ሳልባትዮው ሲሞላ ነዳጁ በቪቴው ክር ላይ ያዠል። ቪቴዎቹን በኮከብ ቅርጽ እየተሻገሩ፣ ካቻቢቴውን በሁለት ጣት ብቻ ይዘው ያጥብቁ። ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጓርኒሲዮኑ ወደ ጎን ይሸሻል፤ መፍሰሱም ይብሳል። በመጨረሻም በየ10 ጋሎኑ እየሞሉ ቀስቱ የቆመበትን ወረቀት ላይ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ሴንደሩን ቀይሬ ጌጁ አሁንም «ሙሉ» ላይ ነው። የገዛሁት ከጀልባ ዕቃ መደብር ሲሆን ላዩ ላይ 240–33 ይላል። 24 ቮልት ስላልሆነ ይሆን? (አንባቢ፣ ከቴክሳስ)

መልስ፦ በቮልቱ አይደለም፤ ሴንደር በኦም እንጂ በቮልት አይመረጥም። የገዙት ባዶ ሲሆን 240፣ ሲሞላ 33 ኦም ነው። ሁለቱም ከ30 በላይ ስለሆኑ ቀስቱ ከላይ አይወርድም። አቅጣጫውም ተገላቢጦሽ ነውና ሬዚስተር ጨምሮ ማስተካከል አይቻልም። ወይ በ0–30 ይቀይሩት፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ለ240–33 የተሠራ ባለ24 ቮልት ጌጅ ይግጠሙ። እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን፤ የድሮው ጌጅ መልክ በሌላ አይተካም።

ሁሉን አቀፍ የሚባለውን ባለሚስተካከል ክንድ ሴንደር ከገዙ የክንዱ መታጠፊያ ከሳልባትዮው ጥልቀት እኩሌታ ላይ ይዋል። ተንሳፋፊው ወለሉን፣ ጣሪያውን፣ መከፋፈያ ቆርቆሮውንና ውስጥ ያለውን ፓምፕ ሳይነካ መውጣት መውረድ አለበት። ክንዱን በፒንሳ ሲያጥፉ መታጠፊያውን በሌላ ፒንሳ ይያዙ፤ ጉልበቱ ሁሉ ቀጭኗ ሽቦ ላይ ካረፈ ሴንደሩ ሳይገጠም ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ካሚዮኔ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂኤምሲ ሲሲኬደብሊው ነው። የቡሽ ተንሳፋፊውን ሼላክ (የቫርኒሽ ዓይነት) ቀብቼ ብመልሰው በወራት ውስጥ ሰመጠ፤ ጌጁ «ባዶ» ብቻ ይላል። (አንባቢ፣ ከኔዘርላንድስ)

መልስ፦ ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፤ የዛሬው ቤንዚን ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢታኖል የሚባል አልኮል አለበት። ሽፋኑ ሲለቅ ቡሹ ቤንዚን ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። በተመሳሳይ መጠን የናስ ወይም የናይትራይል ተንሳፋፊ ይተኩት። ካሚዮኑ ከ6 ወደ 12 ቮልት ተቀይሮ ከሆነ ለጌጁ ቮልት መቀነሻ ያስፈልጋል፤ ሴንደሩ ግን ያው ይቆያል። ይህ ናፍታ ሳይሆን ቤንዚን ነውና ሥራውን ውጭ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ይሥሩት፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ባለገመድ አምፖል አያስጠጉ።