ያለቀውን ብሮንዝ ለቆራሌ አትስጡ

«ጋሼ፣ የ1300 ቮልስ ሞተር አወረድን። ክራንኩን ቶርኖ ቤት አስሞርደን አዲስ ብሮንዝ ገጠምንለት። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ማንኳኳት ጀመረ። ወፍራም ዘይት ስንሞላለት ዝም አለ። ተሳካልን ማለት ነው?»

ይህን የጠየቀው የአዘዞ ልጅ የሞተሩን ድምፅም በስልክ ቀድቶ ልኳል። (ለማያውቅ፦ ክራንክ የፒስተኖቹን ምት ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ ነው፤ ብሮንዝ ደግሞ ዘንጉ በዘይት ላይ የሚዞርበት ለስላሳ የብረት ልባስ ነው።) የዘንድሮ ወጣት ሞተርን በስልክ ማስመርመር ይወዳል፤ ከታች ያለውን የዘይት ወንፊት ሽፋን ፈትቶ ዝቃጩን በጣቱ ከማሸት ይልቅ ቅጂ መላክ ይቀለዋል። ግን ልቆጣው አልቻልኩም። ልክ እንደዚሁ ዝም ያሰኘነው ሌላ ሞተር ትዝ አለኝ።

አልተሳካላችሁም። ወፍራም ዘይት የሰፋውን ክፍተት ሞልቶ ድምፁን ያፍናል እንጂ መበላቱን አያቆምም፤ እንዲያውም ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ብሮንዙ ጋ ለመድረስ ይዘገያል። «የዘይት መብራቱ እኮ አልበራም» እንዳትሉ። የቮልስ መብራት የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ከወረደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ነገሩ አልፏል። የመብራቱን ስዊች ፍቱና በቦታው የግፊት መለኪያ እሰሩ። ዘይቱ 70 ዲግሪ ያህል ሞቆ፣ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር፣ በ30 ቁጥር ዘይት ቢያንስ 2 ባር መነበብ አለበት። ከዚያ ካነሰ ወይ ፓምፑ ወይ ብሮንዙ ነው።

ያ ትዝ ያለኝ ሞተርም 1300 ነበር። ክራንኩ 0.25 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ከቶርኖ ቤት መጣ። በቤንዚን ታጥቦ፣ አየር ተነፍቶበት ተገጠመ። ሁለት ሺህ ሳይሞላ አንኳኳ፤ ወፍራም ዘይት ተሞላለት፤ ጥቂት ወር ዝም ብሎ ሄደና ድምፁ ብሶ ተመለሰ። ተከፈተ። የተበላው ብሮንዝ ማንም ሳያየው ባልዲ ውስጥ ተጣለ፤ ባልዲውንም ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ወሰደው። ክራንኩ ወደ 0.50 ተሞረደ፣ አዲስ ብሮንዝ ገባ። እንደገና አንኳኳ። 0.75 ሲደርስ ፋብሪካው ከፈቀደው የመጨረሻው ልክ ላይ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ፋብሪካው የሚሰጠው ብሮንዝ የለም።

በሦስተኛው መፍታት ላይ ነው አንዱ ብሮንዝ ወደ መስኮቱ ብርሃን የተያዘው። ግራጫው ለስላሳ ፊቱ ላይ በዙሪያው የሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች፣ በመካከላቸውም የሰናፍጭ ፍሬ ተሰብሮ የሚያህል ጥቁር ነጥብ አለ፤ ነጥቡን ደግሞ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከቦታል። ይህ የተቀበረ ጠጠር ነው። ቀለበቱ የመጣው ጠጠሩ ዙሪያውን ያለውን ብረት አሳብጦ ክራንኩ ስለ ጠረገው ነው። ሽቦ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞ በክራንኩ የዘይት ቀዳዳ ሲገባ ግራጫ ጭቃ ይዞ ወጣ፤ የመሞረጃው ድንጋይ ዱቄት ከዘይት ጋር ተቦክቶ። እያንዳንዱ ሞረዳ አዲስ ዱቄት ይጨምር ነበር። የካርተሩ፣ ማለት ክራንኩን አቅፎ የያዘው የሞተሩ አካል፣ የዘይት መንገዶችም አንድም ጊዜ ተከፍተው አልታጠቡም። አንድ የጠርሙስ ብሩሽ የሚያድነው ክራንክ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ክራንኩ አይደለም፤ የመጀመሪያው ብሮንዝ ያንኑ ነገር ጽፎልን እያለ ሳናነበው ለቆራሌ መሄዱ ነው።

ስለዚህ፦ የካርተሩ የዘይት መንገዶች ጫፍ ላይ ያሉትን የአሉሚኒየም ድፍኖች ብሱና አውጡ፤ ጥርስ አውጥታችሁ በብሎን ድፈኑ። ብሎኑ ጠልቆ ከጎን የሚመጣውን ቀዳዳ እንዳይዘጋ ግን ተጠንቀቁ። በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ፈግፍጉ፤ አየር ንፉ፤ ወዲያው ዘይት ቀቡ። ነጭ ጨርቅ ገብቶ ነጭ ሆኖ ካልወጣ ገና ነው።

ሁሉም ብሮንዝ አንድ ዓይነት ወሬ አያወራም። የቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዝ ከፒስተኑ በኩል ያለው ግማሽ በአንዱ ጠርዝ፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ በተቃራኒው ጠርዝ ከተበላ ቢዬላው ተጣሟል። ፊቱ ደብዝዞ የተቦረቦረ ከመሰለ ዘይቱ ቤንዚን ገብቶበታል ወይም ከመጠን በላይ ቆይቷል። ከፒስተኑ በኩል ያለው ግማሽ ብቻ ከተበላ ነጂውን ጠይቁት፤ ሊማሊሞን በአራተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቀ የሚወጣ ሰው ነው። ጀርባው ካብረቀረቀ ብሮንዙ ቤቱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ቤቱ ሞላላ ሆኗል፤ በቮልስ ካርተር ደግሞ ቶሎ የሚጠቃው መካከለኛው ነው። ያኔ ቤቱ በአንድ መስመር ተቦርቡሮ ውጩ ወፍራም የሆነ ብሮንዝ ይገባል እንጂ አዲስ ብቻ መቀየር ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ክራንኩን ከካርተሩ ላይ ከሚሸከሙት የቮልስ ዋና ብሮንዞች 1፣ 3 እና 4 ሙሉ ቀለበት ናቸው፤ ለሁለት የተከፈለው 2ኛው ብቻ ነው። ሁሉም በካርተሩ ላይ ባለች ፒን ይያዛሉ። ፒኗ ቀዳዳዋን ስታ ካርተሩ ከተጠበቀ ብሮንዙ ይጎረብጣል፤ ይህን የሚነግራችሁ እጃችሁ ነው። የካርተሩን ስድስት ትልልቅ ዳዶዎች በ3.5 ኪሎ ግራም ሜትር ስታጠብቁ ከየአንዳንዱ በኋላ ክራንኩን አዙሩ። ከከበደ አቁማችሁ ፍቱ። የቢዬላው ዳዶ 3.3 ነው። የ1ኛውና የ3ኛው ዋና ብሮንዝ ክፍተት ከ0.04 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር፣ የክራንኩ የፊትና የኋላ መንሸራተት ደግሞ ከ0.07 እስከ 0.13።

(መፍቻን ቺያቬ፣ የብሎን መፍቻን ካቻቢቴ፣ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ስንል ጣሊያን ጎንደር ላይ የቆየባቸው አምስት ዓመታት፣ ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ.፣ የተዉልን ቋንቋ ነው። የዛሬ ልጆች «ስክሪው ድራይቨር» ሲሉኝ ግማሹን አልሰማም። ካቻቢቴ ይሻላል።)

አቧራን አትርሱ። የዚያ ዘመን ቮልስ የአየር ማጣሪያ የዘይት ገንዳ ነው፤ ገንዳው ከደረቀ የመንገዱ አቧራ ሁሉ ሲሊንደር ይገባል። የሞተሩ ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ፣ ማጣሪያውም ተራ ወንፊት ነው፤ ደቃቁን ቆሻሻ አይይዝም። የታደሰ ሞተር ዘይት በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ይደፋል፤ ከዚያ በየ5,000፤ እኔ ብሆን በየ3,000።

ስለ ወፍራም ዘይት የተናገርኩትን ትንሽ ላለዝበው። ጤነኛ ሞተር ይዞ መተማ ለሚወርድ ሰው 40 ቁጥር እሞላለታለሁ፤ ቆላው ይፈልገዋል። ለሚያንኳኳ ሞተር ግን አልሞላም።

አንተ የአዘዞው ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንን ሞተር አታስነሳው፤ ከአንድ ምርመራ በቀር። ለደቂቃ ያህል ብቻ አስነስተህ የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ በተራ እያላቀቅክ ከብረት ጋር አገናኝ፤ የየትኛው ሲወጣ ድምፁ ከቀነሰ የዚያኛው ቢዬላ ነው። ዘይቱን በነጭ ጨርቅ አጥልለህ ቅዳ። ከዚያ ክፈተው። እያንዳንዱን ብሮንዝ ከማውለቅህ በፊት ቁጥሩንና የየትኛው ወገን እንደሆነ ጀርባው ላይ ጻፍ፤ ለየብቻ በወረቀት ጠቅልል። ፊቱን በጣትህ አትጥረገው። ፒያሳ ብቅ ስትል ይዘሃቸው ና፤ አጉሊ መነጽሩ እኔ ጋ አለ።