እፉኝት ስትወልድ ሆዷ ይቀደዳል?

ጥያቄ፦ ልጄ በስልክ ባሳየኝ ቪዲዮ ካናዳ ውስጥ ባለመስመር እባቦች ከአለት ጉድጓድ እየተግተለተሉ ይወጣሉ። እንቁላል አይጥሉም፣ ይወልዳሉ ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ፣ እሷም ትሞታለች ሲባል ነው የኖረው። እውነቱ የቱ ነው? በግቢያችን የድንጋይ ካብ ውስጥም ባለመስመር እባብ አለ፤ ያው ይሆን?
(አንባቢ፣ ከቃሉ)

መልስ፦ መውለዱ እውነት ነው፤ የሆዱ መቀደድ ግን ተረት ነው።

ያዩት ጋርተር እባብ ይባላል። በማኒቶባ ክፍለ ግዛት ናርሲስ በተባለ ቦታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት የበረዶውን ወራት በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ ውርጭ በማይደርስበት ጥልቀት ያሳልፋሉ። በሚያዝያ መገባደጃ ወንዶቹ ቀድመው ወጥተው ሴቶቹን ይጠብቃሉ። አንዷ ብቅ ስትል ደርዘን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወንድ ይጠመጠምባታል። ከዚያ ወደ ረግረጉ ሄዳ እንቁራሪትና የምድር ትል እየበላች ትከርምና ነሐሴ አካባቢ ትወልዳለች፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 40። በዚያ ብርዳም አፈር የተቀበረ እንቁላል በቂ ሙቀት አያገኝም፤ እናትየዋ ግን ፀሐይ እየሞቀች ሽሎቿን ይዛቸው ትዞራለች። ብርድ ብቻ ነው ምክንያቱ እንዳንል ግን የእኛዋ እፉኝት በቆላም ትወልዳለች።

ወፍራሟ እፉኝት በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ትወልዳለች፤ ከኬንያ የመጣች አንዲት እፉኝት በእንስሳት ማቆያ 156 ወልዳለች። ልጆቹ የሚወጡት ጅራቷ ሥር ባለው ቀዳዳ፣ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው ነው። የሚቀዱት ያንን ሽፋን ነው፤ ወሬውም ከዚህ ሳይነሳ አልቀረም። እናትየዋ በእርግዝናዋ እምብዛም ስለማትበላ ትከሳለች እንጂ አትሞትም። አታጠባም፣ አትጠብቅም፤ ልጆቹም ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ መርዝ አላቸው።

የካቡ እባብ ጋርተር ሊሆን አይችልም፤ ጋርተር አፍሪካ ውስጥ የለም። በአገራችን ደጋ የሚገኝ ምንም የማይጎዳ ባለመስመር እባብ አለ፤ ነገር ግን በመስመር ብቻ መለየት ስለማይቻል በእጅ አይንኩት። የሚስበው አይጥ ስለሆነ እህሉን ከፍ ባለና በተዘጋ ጎተራ ያኑሩ፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘውን የካብ ክፍተት በጭቃ ይምረጉ። የማሽላ አገዳ ክምር ሲያነሱ አስቀድመው በመንሽ ያገላብጡ፣ ሌሊት ያለ ባትሪ አይውጡ፤ እፉኝት ሰው ሲመጣ አትሸሽም፣ ሲረግጧት ነው የምትነድፈው። ከነደፈች እብጠቱ ሳይብስ ቀለበትና አምባር ያውጡ። ማሰር፣ መብጣትና መምጠጥ ጉዳቱን ያብሳል። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅሱ በሽተኛውን ተሸክመው ሆስፒታል ያድርሱ።