የፍላጻ ክንፍ ከፊት እየተነሳ ላስቸገረህ ወንድማችን

ከሱሉልታ የጠየቅከው ወንድማችን፣ ችግርህ ይኸው ነው፦ ወፍራሙን ዘንግ ትተህ ባለ 6 ሚሊሜትሩን ካርቦን ከያዝክ ወዲህ፣ በጂግ፣ ማለትም ዘንጉንና ክንፉን አስተካክሎ በሚይዘው መለጠፊያ መሣሪያ፣ የምትለጥፋቸው የፕላስቲክ ክንፎች ከኋላ ይይዛሉ፣ ከፊት ግን በጥፍር ሲነኩ ይነሳሉ። ሱፐር ግሉ ብትጨምርም አልተሻለም፤ ሙጫው ተበላሽቶ ይሆን ብለሃል።

እንደ እኔ ሙጫህ ደህና ነው። ሱፐር ግሉ የሚይዘው በተነካኩ ሁለት ገጾች መካከል በስሱ ሲገባ ነው። ክፍተት እንዲሞላልህ ስታበዛው ውስጡ ቶሎ አይደርቅም፣ ሲደርቅም ይሰባበራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ሙጫ ሞክር። ዘንጉን ጂጉ ላይ አስቀምጥ። ኖኩ፣ ማለትም የቀስቱ ገመድ የሚገባበት ስንጥቅ፣ መቀመጫው ላይ ጥብቅ ይበል፤ እዚያ የሚወዛወዝ ከሆነ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ክንፉን ክላምፑ፣ ማለትም ክንፉን ቆንጥጦ የሚይዘው የጂጉ ክፍል፣ ውስጥ አስገባ፣ ክላምፑን ከጂጉ ማግኔት ጋር አጣብቀውና ክንፉ ዘንጉን እስኪነካ ግፋው። ከዚያ የስልክህን መብራት ከወዲያ በኩል አብራና በጎን ዝቅ ብለህ እይ። ብርሃን ያለፈበት ቦታ ሁሉ አልነካም ማለት ነው።

ብርሃኑ ከፊት ብቻ ካለፈ፣ ጂጉ አሁንም ለወፍራሙ ዘንግ እንደተስተካከለ ነው። ከኋላ ዘንጉን ኖኩ መሃል ላይ ይይዘዋል፤ ከፊት ግን የቪ ቅርጽ ባለው ድጋፍ ላይ ይተኛል። ከ7 ወደ 6 ሚሊሜትር ስትወርድ የዘንጉ ገጽ ከኋላ 0.5 ሚሊሜትር ብቻ ሲሸሽ፣ 90 ዲግሪ በሆነ ቪ ላይ ግን ወደ 1.2 ሚሊሜትር ይሸሻል። ማስተካከያ ብሎን ካለው የፊቱን ድጋፍ በጥቂቱ ወደ ክላምፑ አቅርብና እንደገና በመብራት ፈትሽ። ብሎን የሌለው ርካሽ ጂግ ከሆነ፣ በቪው ሁለት ጎኖች ላይ እኩል ብዛት ያለው የፕላስተር ድርብ መለጠፍ ይበቃል።

መሃሉ ነክቶ ሁለቱም ጫፎች ከተነሱ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቀጥ ያለውን ክላምፕ ከመጠን በላይ አዘንብለኸዋል። ዘንጉ ክብ ስለሆነ ዘንበል ያለ ቀጥ መስመር ጫፎቹ ላይ ከገጹ ይርቃል። ባለ 50 ሚሊሜትር ክንፍ በ6 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ በ1 ዲግሪ ሲያዘነብል ጫፎቹ የሚርቁት 0.03 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ለስላሳው የክንፉ ግርጌ ይህን ይችለዋል። በ3 ዲግሪ ግን 0.3 ሚሊሜትር ይሆናል፣ አሥር እጥፍ። በቀጭን ዘንግ ከ1 ዲግሪ ብዙ አትለፍ። ፍላጻው ሲበር ከዚያ በላይ እንዲዞር ከፈለግህ ጠምዛዛ ክላምፕ ያስፈልግሃል።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ ክንፉ ክላምፑ ውስጥ የሚገባበት ጥልቀት ነው። እስከ ግርጌው ከዋጠው፣ ከክንፉ ቀድሞ ዘንጉን የሚነካው የክላምፑ ከንፈር ነው። ከግርጌው በላይ 1 ሚሊሜትር ያህል ከፊትም ከኋላም እኩል ወጥቶ ይታይ። ብዙ ከወጣ ደግሞ ሲጫኑት ይታጠፋል።

ብርሃኑ ሲጠፋ ብቻ ወደ ሙጫ እለፍ። ዘንጉን በንጹሕ አልኮል ጥረግና በደንብ ይድረቅ፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶው ውሃ ስላለው ትንሽ ጊዜ ስጠው። ሽቶና ዘይት ያለበትን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አትጠቀም፤ የሚተወው ቅባት ሙጫውን ይከለክለዋል። ከጠረግህ በኋላ ቦታውን በጣት መንካትም የለም። ሙጫው በግርጌው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጭን መስመር ይሁን። ክላምፑን አውርደህ በእኩል ጫና ያዘው፣ ስታነሳውም መጀመሪያ ከፍተው እንጂ ክንፉን ጨብጦ ሳለ አትሳበው።

ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር በሱሉልታ ደረቅና ብርዳማ ጠዋት ይዘገያል፤ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ ሞቅ ካደረገች በኋላ ሥራ፣ የምትይዝበትንም ጊዜ በእጥፍ አርዝም። በክረምት ደግሞ ይፈጥናል፣ ዙሪያውም ነጭ ጉም ሊያወጣ ይችላል፤ ያ መልክ እንጂ ድክመት አይደለም።

ሦስቱም ክንፎች ሲያልቁ በፊትና በኋላ ጫፋቸው ላይ የስንዴ ቅንጣት የማታህል ጠብታ ጣል፤ ፍላጻው ኢላማውን ሰንጥቆ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚላጠው የፊቱ ጫፍ ነው። መጀመሪያ አንድ ፍላጻ ብቻ ጨርስና 24 ሰዓት አቆየው፤ በማግስቱ በጥፍርህ ፈትነው፣ ከያዘ የብሎኑን ቦታ በቀለም ምልክት አድርግና የቀሩትን ቀጥል።