የናሱ በርሜል «ተቀረቀረ» ወይስ ጥይቱ «ተሰነቀረ»?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ልጄ ከውጭ አገር የተላከለት የስፖንጅ ጥይት የሚተኩስ መጫወቻ ጠመንጃ አለው፤ የፕላስቲክ በርሜሉ ወጥቶ በናስ ቱቦ ተተክቷል። አንድ ቀን ተዘግቶ አስተካከልሁትና፣ ደሴ ለሚኖረው የወንድሜ ልጅ ተመሳሳይ መጫወቻ ስላለው «የናሱ በርሜል ሲቀረቀር በቀጭን እንጨት ገፍተህ አውጣው» ብዬ ጻፍሁለት። ልጁ ግን በርሜሉን ራሱን ነቅሎ አወጣው። የሥራ ባልደረባዬ «ጥፋቱ የአማርኛህ ነው፤ ‹ነሐስ› እና ‹ስታክ ሲያደርግ› ማለት ነበረብህ» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ልጁ ያነበበውን በትክክል ፈጽሟል። በዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ ከእንጨቱ በቀር የተጠራው ዕቃ በርሜሉ ብቻ ስለሆነ፣ «አውጣው» በሚለው ግሥ መጨረሻ ያለው ተሳቢ አመልካች ከእርሱ በቀር የሚያርፍበት ስም የለውም። የተያዘው ጥይቱ ነበር፤ እርሱ ግን አልተጠራም። ስለዚህ ባልደረባዎ ጥፋቱ የአማርኛው ነው ማለታቸው ልክ ነው፤ ጥፋቱን የፈለጉት ግን በሌለበት ቦታ ነው።

ከግሡ ልጀምር። «ቀረቀረ» የበር ግሥ ነው። መቀርቀሪያ የምንለው በሩን ከውስጥ የሚይዘውን ብረት ወይም እንጨት ነው፤ ተቀረቀረ ሲባልም አንድ ሰው አስቦ፣ ደኅንነት ፈልጎ የዘጋው ነገር ይታየኛል። ዛሬ አልንቀሳቀስ ላለ ነገር ሁሉ ሲነገር እሰማለሁ፤ ስሕተት ነው ብዬ ለመፍረድም ጊዜው አልፎብኛል። ነገር ግን አማርኛ ለጠመንጃ የራሱ የሆነ ሥርዓት አለው፦ ጠመንጃ አፍ ነው። ጫፉ አፈሙዝ ይባላል፣ ጥይት ያጎርሱታል፣ እርሱም መልሶ ይተፋል። ታዲያ የጎረሰውን መትፋት ያቃተውን አፍ ምን እንለዋለን? አጥንት በጉሮሮ ሲያዝ ተሰነቀረ እንላለን፤ አጥንቱ የተሰነቀረበት ሰው ደግሞ ይታነቃል። እንግዲህ ጥይቱ ተሰነቀረ፣ ቱቦው ታነቀ። ሁለቱ ግሦች ማን ያዘ፣ ማን ተያዘ የሚለውን ለይተው ስለሚናገሩ፣ ልጁ ይህን ቢያነብ ኖሮ ቱቦውን አይነቅለውም ነበር። «ከሸፈ» የሚለውን ደግሞ ለዚህ አላመጣውም። ጥይት ከሸፈ የሚባለው ባሩዱ ሳይነድድ ሲቀር ነው፤ ይህ መጫወቻ የሚተኩሰው በሞላ በሚገፋ አየር ስለሆነ የሚከሽፍ ባሩድ የለውም።

አሁን ወደ ናስ። «ናስ የሚባል ቃል የለም፤ የነሐስ ብልሽት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ባልደረባዎም ከእነርሱ የሰሙ ይመስለኛል። ይህን አስተያየት ለብዙ ዓመታት ስቃወመው ኖሬአለሁ። የግእዙ ሰሐቀ በአማርኛ ሳቀ፣ ሰሐበ ሳበ፣ ለሐሰ ላሰ ሆኗል፤ የጉሮሮው ድምፅ ወድቆ አናባቢው ራብዕ ሆኖ ቀረ። ነሐስ ናስ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ሳቀ የሰሐቀ ብልሽት ካልሆነ ናስም የነሐስ ብልሽት አይደለም። ሥሩም የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዕብራይስጡ ነሖሼት እና የዓረብኛው ኑሓስ ዘመዶቹ ናቸው። ግእዝ ሙሴ የሰቀለውን እባብ አርዌ ብርት ይለዋል፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 21 የናስ እባብ አለው እንጂ የነሐስ አላለውም።

አንድ ቃል ሁለት መልክ ሲያገኝ ቋንቋው ሥራ ያከፋፍላቸዋል። ሦስተኛ ለወጣ ሯጭ የሚሰጠው የነሐስ ሜዳሊያ ነው፤ የናስ ሜዳሊያ የሚል የለም። ስለዚህ መዳብና ቆርቆሮ ሲቀላቀሉ ነሐስ፣ መዳብና ዚንክ ሲቀላቀሉ ናስ ማለት ጥሩ ክፍፍል ነው። የእርስዎ ቢጫ ቱቦ መዳብና ዚንክ ነውና ናስ ማለትዎ ልክ ነው።

«በርሜል» ላይ ግን እኔና እርስዎ አንስማማም። ቃሉ ከጣልያንኛ እንዳልመጣ ውስጡ ያለው ም ይመሰክራል፤ ጣልያኑ ባሪሌ ይላል፣ ዓረቡ ግን ባርሚል። ለእኔ በርሜል በግቢ ጥግ የሚቆም፣ ውኃ የሚጠራቀምበት ሆደ ሰፊ ዕቃ ነው፤ ቀጭን ቱቦን በእርሱ መጥራት ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ትርጉም ነው። እዚህ ደሴ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር እያለን፣ ቧንቧን የመሰለ ቃል ሳይጠራ መቅረቱ ይቆጨኛል። ይሁንና እርስዎም በርሜል ይላሉ፣ ሌላው ጠመንጃ ያዥም ይላል፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም። «ቱቦ» ቢሉልኝ፣ እርሱም ከጣልያንኛ የመጣ ቢሆን እንኳ፣ እቀበላለሁ።

«ስታክ አደረገ»ን የምነቅፈው ባዕድ ስለሆነ አይደለም። አማርኛ «አደረገ»ን አስከትሎ የውጭ ቃል ማስገባት ልማዱ ነው፤ ወጣቶቹም ስልካቸው ሲቆምባቸው ይህንኑ ይላሉ። የምነቅፈው የእርስዎን ዓረፍተ ነገር ስሕተት ስለሚደግም ነው፦ የተያዘው ምን እንደሆነ አሁንም አይናገርም። ልጁ «በርሜሉ ስታክ ሲያደርግ አውጣው» የሚል ቢያነብም መንቀሉ አይቀርም ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ «ጥይቱ በናሱ ቱቦ ውስጥ ሲሰነቀር መጀመሪያ ሞላውን አላቅቅ፤ በአፈሙዙ በኩል አትመልከት። የኋላ መጉረሻውን ከፍተህ፣ ጫፉ ያልሾለ ቀጭን እንጨት በአፈሙዙ አስገባና ጥይቱን ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ግፋው። ቱቦውን አትንቀለው። ናስ ለስላሳ ስለሆነ ብረት ይቧጭረዋልና ጠመንጃ መፍቻ አትጠቀም።» ጥይቱ በተደጋጋሚ የሚሰነቀር ከሆነም ምክንያቱን ይጨምሩለት። የስፖንጁ ጥይት ውፍረት 13 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቱቦውም አየር እንዳያመልጥ ጥይቱን ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ ተብሎ ይመረጣል። ቱቦው በመጋዝ ሲቆረጥ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ስለታም ጠርዝ ከቀረበት ስፖንጁን ይቀደዋል፣ ቁራጩም እዚያው ይቀራል። ጠርዙ በቀጭን ሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ ብናኙም በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል።

«ጥይት» ያልሁት እርስዎ ስላሉት ነው። ባሩድ የሌለው፣ በአየር ተገፍቶ የሚበርር ነገር በእኔ ምርጫ ፍላጻ ነው፤ ለወንድምዎ ልጅ ሲጽፉ ግን እርሱ በሚያውቀው ስም ይጥሩት።