ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው፤ ክለቡ ምን ያድርግ?

በዚህ እትም የመረጥናቸው የአንባቢያን ጥያቄዎች ኮንትራታቸው ሊያልቅ ስለተቃረበ ተጫዋቾች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ። ትሬንት አሌክሳንደር-አርኖልድን የሚያህል ተጫዋች፣ ያውም በስድስት ዓመቱ የገባ ልጅ፣ በ10 ሚሊዮን ዩሮ ለሪያል ማድሪድ እንዴት ይሰጣል? ሳላህና ቫን ዳይክ ሲፈርሙ እሱ ለምን አልፈረመም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በዘገባዎች የተጠቀሰው 10 ሚሊዮን ዩሮ የተጫዋቹ ዋጋ አይደለም፤ የአንድ ወር ዋጋ ነው። ኮንትራቱ የሚያልቀው ጁን 30 ቀን 2025 ነበር። ሪያል ማድሪድ ጁን 14 በሚጀመረው የክለቦች ዓለም ዋንጫ ሊያሰልፈው ስለፈለገ ቀደም ብሎ እንዲለቀቅለት ከፈለ። ሊቨርፑል እምቢ ቢል ኖሮ ጁላይ ሲገባ ልጁ ያለምንም ክፍያ ይሄድ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ግን ከዚያ በፊት ነው። ትሬንት የመጨረሻ ውሉን የፈረመው በ2021 ነው። ደህና የሚመራ ክለብ ሁለት ዓመት ሲቀር፣ ማለትም በ2023 ክረምት፣ ንግግር መጀመር ነበረበት። ሊቨርፑል ቤት ግን በዚያ ጊዜ ወንበሩ ላይ የሚረጋ ሰው አልነበረም። የተጫዋቾችን ዝውውርና ውል የሚመራው ስፖርት ዳይሬክተር ጁሊያን ዋርድ በ2023 ለቀቀ፤ በጊዜያዊነት የተተካው ዮርግ ሽማትከም ብዙ አልቆየም፤ ጃንዋሪ 2024 ላይ ደግሞ አሰልጣኙ ክሎፕ እንደሚሰናበት አስታወቀ። አዲሱ ስፖርት ዳይሬክተር ሪቻርድ ሂዩዝ በ2024 ክረምት ሥራውን ሲጀምር የሦስቱም ኮከቦች ውል አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። ተጫዋች እዚያ ላይ ከደረሰ መቸኮል የለበትም። መቸኮል ያለበት ክለቡ ነው።

ሦስቱን የለያቸው ዕድሜ ነው። ሳላህ ኤፕሪል 2025 ላይ ሲፈርም 32 ዓመቱ ነበር፤ በዚያው ወር የፈረመው ቫን ዳይክ ደግሞ 33። በዚህ ዕድሜ ያንን ደመወዝ ለረጅም ጊዜ የሚሰጥ የአውሮፓ ክለብ አይገኝም፤ ክርክሩም ስንት ዓመት ይሁን በሚለው ላይ ነበር፤ በሁለት ዓመት ተቋጨ። የ26 ዓመቱ ትሬንት ግን ከሪያል ማድሪድ የስድስት ዓመት ውል አገኘ። ገዢው ክለብ የዝውውር ዋጋ ካልከፈለ ከዚያ የተረፈው ገንዘብ ጥሩ ድርሻ በፊርማ ክፍያ መልክ ወደ ተጫዋቹና ወደ ወኪሉ ይሄዳል። አሁን ያለው ክለብ ደመወዝ ቢጨምር እንኳ ከዚህ ጋር መወዳደር ይከብደዋል።

ጥያቄ፦ ስድስት ወር ሲቀረው ከፈለገው ክለብ ጋር መፈረም ይችላል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ አርሰናል የቼልሲን ተጫዋች ጃንዋሪ ላይ ለምን አያስፈርምም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የፊፋ ደንብ ኮንትራቱ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች የቀረው ተጫዋች ለቀጣዩ ጊዜ ከሌላ ክለብ ጋር እንዲፈርም ይፈቅዳል። ፈላጊው ክለብ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ለተጫዋቹ ክለብ በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል። የእንግሊዝ ክለቦች ግን እርስ በርሳቸው በራሳቸው የአገር ውስጥ ደንብ ስለሚተዳደሩ የውድድር ዘመኑ እስኪገባደድ መጠበቅ አለባቸው። ጃንዋሪ ላይ ነፃ የሆነው የውጭ አገር ክለብ ብቻ ነው። አሮን ራምሲ አርሰናል እያለ ፌብሩዋሪ 2019 ላይ ከጣሊያኑ ጁቬንቱስ ጋር የፈረመው በዚህ መንገድ ነው። ጀርመን ውስጥ ግን ሌቫንዶቭስኪ ገና የዶርትመንድ ተጫዋች ሳለ ጃንዋሪ 2014 ላይ ለባየርን ፈርሟል፤ እዚያ ያ ክልከላ የለም።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፦ የሕክምና ምርመራ ከፊርማ በፊት መደረግ አለበት። «ምርመራውን ካለፈ ውሉ ይጸናል» የሚል ቅድመ ሁኔታ በፊፋ ደንብ ተቀባይነት የለውም። ለተመሳሳይ ጊዜ ሁለት ውል የፈረመ ተጫዋች ደግሞ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ደመወዙን ጨምሮ ማስቀረት እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ በቁጥር እንየው። አንድ ክለብ ተጫዋች በ60 ሚሊዮን ገዝቶ አምስት ዓመት አስፈረመው እንበል። ሒሳብ መዝገቡ ላይ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ወጪ ይይዛል። ከሦስት ዓመት በኋላ የቀረው 24 ሚሊዮን ነው። በዚያን ጊዜ በ40 ሚሊዮን ቢሸጠው 16 ሚሊዮን ትርፍ ይመዘግባል። ሳይሸጠው ውሉ ላይ ሦስት ዓመት ቢጨምርለት ያ 24 ሚሊዮን ለቀሩት አምስት ዓመታት ስለሚከፋፈል ዓመታዊ ወጪው ወደ 4.8 ሚሊዮን ይወርዳል። ዝም ብሎ ሁለቱን ዓመት ከጨረሰ ግን ምንም አይገባም። በአካዳሚ ያደገ ልጅ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል፤ መዝገቡ ላይ ዋጋው ዜሮ ስለሆነ ቢሸጥ የሚገኘው ገንዘብ በሙሉ ትርፍ ይሆን ነበር።

እንግዲያው ሁሌ ማሳደስ ነው ሊሉ ይችላሉ። ችግሩ የአንዱ ደመወዝ መልበሻ ክፍል ሲደርስ የሁሉም መነሻ ዋጋ መሆኑ ነው። ጃንዋሪ 2018 ላይ የአርሰናል ሁለት ኮከቦች ውል ስድስት ወር ቀርቶት ነበር። ክለቡ አሌክሲስ ሳንቼዝን በማንቸስተር ዩናይትዱ ምኪታሪያን ለወጠው፤ ኦዚልን ግን በክለቡ ከፍተኛ ደመወዝ እስከ 2021 አስፈረመው። ያንን ደመወዝ የሚሸከም ሌላ ክለብ አልተገኘም፤ ተጫዋቹም ኦክቶበር 2020 ላይ ክለቡ ለሊጉ ካስመዘገባቸው ተጫዋቾች ዝርዝር ውጭ ሆኖ ጃንዋሪ 2021 ወደ ፌነርባቼ ሄደ። በድንጋጤ የተፈረመ ኮንትራት በነፃ ከመልቀቅ የበለጠ ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናውቅም።

ክለብም ተጫዋችም ተስማምተው የማይሳካበት ጊዜ አለ። በ2021 ሜሲ ለመቆየት ተስማምቶ ነበር፤ የባርሴሎና የደመወዝ ወጪ ግን ከእሱ ጋር ከገቢው 110 በመቶ ይደርስ ስለነበር በላ ሊጋ የወጪ ጣሪያ ምክንያት ሊመዘገብ አልቻለም።

ጥያቄ፦ አልፈርምም ያለን ተጫዋች ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጦ ማስተማር አይሻልም? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የፈረንሳዩ ፒኤስጂ ሞክሮታል። ምባፔ ጁን 2023 ላይ እስከ 2025 የሚያቆየውን የአንድ ዓመት አማራጭ እንደማይጠቀም በደብዳቤ አሳወቀ። ክለቡም ከእስያ ጉዞ አስቀረው፤ የሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታም አለፈው። ከዚያ ተመልሶ ገባ፤ በ2024 በነፃ ማድሪድ ሄደ። የማይጫወት ተጫዋች ዋጋው ይወርዳል እንጂ አይጨምርም።

ሕጋዊ አደጋም አለው። በፊፋ ደንብ አንቀጽ 15 መሠረት ሥልጠናውን የጨረሰ ነባር ፕሮፌሽናል በውድድር ዘመኑ ከክለቡ ይፋዊ ጨዋታዎች ከ10 በመቶ በታች ብቻ ከተሰለፈ፣ ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ውሉን ማፍረስ ይችላል። እያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው ይመዘናል፤ ሆን ብሎ ያገለለ ክለብ ግን መከራከሪያ ያጥረዋል።

ጥያቄ፦ በአገር ውስጥ ክለብ አስተዳደር እሠራለሁ። በ17 ዓመቱ ያስፈረምነው ልጅ አሁን 20 ሞልቶታል፤ ውሉ ዘንድሮ ያልቃል፤ የውጭ ክለብ ፈልጎታል። ባዶ እጃችንን ልንቀር ነው? (ስምና ቦታ አይጠቀስ)

መልስ፦ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ከሦስት ዓመት በላይ መፈረም ስለማይችል ይህ ቀን እንደሚመጣ በፈረመበት ዕለት የታወቀ ነበር። 18 ሲሞላው ማሳደስ ይገባ ነበር። ቢሆንም ባዶ እጅ ላትቀሩ ትችላላችሁ።

ሁለት ክፍያዎችን ለዩ። የአብሮነት ክፍያ የሚባለው ተጫዋቹን ያሠለጠኑ ክለቦች የሚካፈሉት የዝውውር ዋጋ 5 በመቶ ነው፤ ልጁ በነፃ ከሄደ ዋጋ ስለሌለ እሱን እርሱት። የሥልጠና ካሳ ግን ኮንትራቱ ቢያልቅም ይከፈላል፦ ተጫዋቹ 23 ዓመት የሚሞላበት ዓመት (ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር) እስኪያልቅ ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ፣ ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ባለው ጊዜ እናንተ ጋ ለሠለጠነባቸው ወቅቶች ይታሰባል። ወሳጁ ክለብ በፊፋ አመዳደብ ዝቅተኛው በሆነው 4ኛ ምድብ ላይ ከሆነ ግን አይከፈልም።

ዛሬውኑ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። ልጁ እናንተ ጋ የተመዘገበባቸው ቀናት በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ በትክክል መስፈራቸውን አረጋግጡ፤ የስም አጻጻፍና የልደት ቀን ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ክርክሩ እዚያ ላይ ይቆማል። የማራዘሚያ ጥያቄያችሁን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ደመወዙንና ዘመኑን ጠቅሳችሁ፣ ልጁ ወይም ወኪሉ ስለመቀበሉ ፈርሞላችሁ ስጡ። ልቡ ከሸፈተ ደግሞ «አንድ ዓመት ጨምር፤ ጥሩ ጥያቄ ሲመጣ እንለቅሃለን፤ ከሽያጩ ላይ ይህን ያህል መቶኛ ያንተ ነው» የሚል ስምምነት ብዙ ጊዜ ይሠራል።

«ክለቡ ከፈለገ ብቻውን ያራዝማል» በሚል አንቀጽ አትተማመኑ። የውል ክርክር የሚዳኙ የፊፋ ችሎቶች እንዲህ ያለውን በጥርጣሬ ነው የሚያዩት፤ በተለይ የጭማሪው ዘመን ደመወዝ አስቀድሞ ካልተጻፈና ክለቡ ውሳኔውን የሚያሳውቅበት ቀን ካልተወሰነ።

የደመወዝ ውዝፍም ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ክፈሉ። የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አሳውቆ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ ውሉን በበቂ ምክንያት ማፍረስ ይችላል። የክፍያ ደረሰኞቹንም በየወሩ እያሰራችሁ አስቀምጡ።