«መለዋወጥ» ወይስ «መዋዠቅ»?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የሥራ ሳይንስ) በእጅግ ጥቃቅን ሥርዓቶች ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «የዘፈቀደ መለዋወጥ» ብዬ የጻፍኩትን ባልደረባዬ «የዘፈቀደ መዋዠቅ» ብሎ አረመው። የማንኛችን ይሻላል?

መልስ፦ የባልደረባዎ ይሻላል። እርስዎም አልተሳሳቱም፤ የመረጡት ቃል ግን በዚህ ትምህርት ውስጥ ሌላ ሥራ ይዟል።

«ተለዋወጠ» ሁለት ፊት አለው። «ሙሽሮቹ ቀለበት ተለዋወጡ» ስንል ሰጪና ተቀባይ አሉ። «የሰውየው ፊት ተለዋወጠ» ስንል ግን ያለው ደጋግሞ መለወጥ ብቻ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ማንም በዚህ አይደናገርም። ጥቃቅን ሥርዓት ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያደርጋል፦ ከአካባቢው ጋር ሙቀት ይሰጣጣል፣ ጉልበቱም ከፍ ዝቅ ይላል። «የጉልበት መለዋወጥ» ብለው ቢጽፉ ተማሪው የትኛውን ይያዝ?

«ዋዠቀ» ተሳቢ አይፈልግም፤ ስለዚህ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። የቡና ዋጋ ይዋዥቃል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ይዋዥቃል፣ አቋሙ የሚዋዥቅ ሰውም አለ። በሁሉም ውስጥ አንድ መካከለኛ ልክ ይታሰባል፤ ነገሩ ከዚያ ልክ ወዲያና ወዲህ ይላል። ፊዚክሱም የሚለው ይህንኑ ነው። የ100 ቅንጣቶች ስብስብ ከአማካዩ በ10 በመቶ ያህል ሊዋዥቅ ይችላል፤ ቅንጣቶቹ 1 ትሪሊዮን ሲሆኑ መዋዠቁ ከሚሊዮን አንድ ያህል ብቻ ይሆናል። በብርጭቆ ውሃ ላይ የማናየው ለዚህ ነው። («መወዛወዝ»ን ለፔንዱለም ይተዉለት፤ እርሱ ተመላሽ ምት አለው።)

እ.ኤ.አ. በ2002 ካንቤራ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ አንድ ሙከራ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ይመቻል። ተመራማሪዎች ጥቂት ማይክሮሜትር የምታህል የላቴክስ እንክብል በሌዘር ይዘው ውሃ ውስጥ ጎተቱ። በደንቡ የመጎተቱ ሥራ ወደ ሙቀት ተቀይሮ ወደ ውሃው መሄድ ነበረበት። አንዳንድ ጊዜ ግን፣ እስከ ሁለት ሰከንድ ለሚደርስ ቅጽበት፣ የውሃው ሞለኪውሎች እንክብሏን ወደምትሄድበት ገፏት፤ ሙቀት ወደ ሥራ ተቀየረ። ያ ደንብ፣ ማለትም ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ፣ አልፈረሰም፤ በአማካይ ጸንቷል። ይህን በአማርኛ ሲጽፉ «እንክብሏ ከውሃው ጋር ሙቀት ትለዋወጣለች፤ የሙቀቱም ልክ ይዋዥቃል» ይበሉ። በአንድ ግስ ብቻ ይሞክሩት፣ ይታሰራሉ።

ስለ «ዘፈቀደ» አልጠየቁኝም፤ ሳልናገር ማለፍ ግን አልቻልኩም። ቃሉ የግእዝ ነው፦ «ዘ» እና «ፈቀደ»፣ «የፈቀደው፣ የወደደው» እንደ ማለት። በሥሩ ፈቃድ ያለው ቃል ፈቃድ ለሌለው ነገር መዋሉ ያስቃል። የዕፅዋት ተመራማሪው ሮበርት ብራውንም እ.ኤ.አ. በ1827 ከአበባ ዱቄት የወጡ ብናኞች ውሃ ውስጥ ሲቅበጠበጡ አይቶ ሕይወት ይኖራቸው ይሆን ብሎ ነበር፤ የመስታወትና የድንጋይ ብናኝ ሲሞክር ግን ያም ያው ሆነ። ቃሉን ግን አይጣሉት። ዛሬ «በዘፈቀደ» ሲባል ፈቃድን የሚያስብ የለም፣ ሥርዓት ማጣትን እንጂ፤ ለተማሪዎችዎ የሚፈለገውም ይኸው ነው። «የዘፈቀደ መዋዠቅ» ብለው ያትሙት።